ከባሕር ዳር እስከ ዋሽንግተን፦ የትኛው የበረራ መንገድ ለማን ይሻላል?

ቪዛው ከተመታ በኋላ ከጎጃም ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ፊት የሚቆመው ጥያቄ «በየት በኩል ልሂድ?» የሚለው ነው። አንዱ የጉዞ ወኪል በዶሃ በኩል ርካሽ ትኬት እንዳለ ይነግረዋል፤ ሌላው በኢስታንቡል መሄድ ይሻላል ይለዋል፤ ዋሽንግተን ያለው ልጁ ደግሞ ስልክ ደውሎ «አባዬ፣ ቀጥታው ካልሆነ እንዳይቆርጡ» ይላል። ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ይሁን እንጂ ሦስቱም የሚያወዳድሩት ከቦሌ ወዲያ ያለውን ጉዞ ብቻ ነው። የዳንግላ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የሞጣ ወይም የደብረ ማርቆስ ሰው ግን ጉዞውን የሚጀምረው ከቤቱ ደጃፍ ነው፤ እስከ ቦሌ እንዴት እንደሚደርስ ሳይታሰብ የተቆረጠ ትኬት በወረቀት ላይ ርካሽና ፈጣን ሆኖ ሳለ በተግባር ውድና አድካሚ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ መነሻችን ባሕር ዳር፣ ማለትም በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የሚጠራው አውሮፕላን ማረፊያ፣ መድረሻችንም የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የምንመዝነው ቀጥታውን በረራ፣ የኢስታንቡልን፣ የፍራንክፈርትንና የባሕረ ሰላጤውን (የዶሃና የዱባይን) መንገድ ነው። የበረራ ሰዓቶቹ እንደ ነፋሱ፣ እንደ አውሮፕላኑ ዓይነትና እንደ ወቅቱ መርሐ ግብር ከፍና ዝቅ የሚሉ በመሆናቸው ሁሉም የተጠጋጉ ናቸው።

በምን እንመዝን?

ቀዳሚው መመዘኛ ከቤት ደጃፍ እስከ ቤት ደጃፍ ያለው ጠቅላላ ጊዜ ነው። በአየር ላይ የሚቆዩበት ሰዓት የዚህ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ መንገዶቹን በእርግጥ የሚለያያቸው በየመቀየሪያው የሚጠብቁበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ጉዞው በሙሉ በአንድ ትኬት የተያዘ መሆን አለመሆኑ ነው። ለጎጃም ተጓዥ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። ከባሕር ዳር እስከ ደለስ በአንድ ትኬት ከተያዘ፣ የባሕር ዳሩ በረራ ቢዘገይና የማታው አውሮፕላን ቢያመልጥ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው፤ ሻንጣውም ባሕር ዳር ላይ ተሰጥቶ ደለስ ላይ ይወሰዳል። ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ከሆኑ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ ስለ መጀመሪያው መዘግየት አያገባውም፤ ያመለጠው ትኬት ገንዘብም የተጓዡ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ሻንጣዎን ባሕር ዳር ላይ ሲያስመዝኑ፣ በእጀታው ላይ የሚታሰረውን ወረቀት ወደ ማጓጓዣው ከመግባቱ በፊት ይመልከቱት፤ በትልቁ የተጻፉት ሦስት ፊደላት የደለስ መለያ የሆኑት አይ፣ ኤ፣ ዲ ከሆኑ ሻንጣዎ እስከዚያው ድረስ ይሄዳል፤ የአዲስ አበባ መለያ የሆኑት ኤ፣ ዲ፣ ዲ ከሆኑ ግን ቦሌ ላይ አውጥተው እንደገና ማስመዝገብ ይኖርብዎታል።

ከእነዚህ ቀጥሎ የሚታዩት፣ መንገድ ላይ የሚጠየቅ የመሸጋገሪያ ቪዛ መኖር አለመኖሩ፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ፣ የተጓዡ ዕድሜና ቋንቋ፣ እንዲሁም ጠቅላላ ወጪው ናቸው። ጠቅላላ ወጪ ማለት የትኬቱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ የሚያድሩበት ሆቴል፣ ታክሲው፣ አውቶቡሱና የትርፍ ሻንጣ ክፍያው ይደመርበታል።

ርቀቱ የሚነግረን ነገር

ከአዲስ አበባ እስከ ደለስ በምድር ሉል ላይ ያለው አጭሩ መስመር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ መስመር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ እንደሚገመተው ወደ ምዕራብ ብቻ የሚሄድ ሳይሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ በሱዳንና በሊቢያ ላይ አድርጎ፣ ሜድትራኒያንን ተሻግሮ፣ በደቡብ አውሮፓ በኩል ወደ አትላንቲክ የሚወጣ ነው። ኢስታንቡልና ፍራንክፈርት ከመንገዱ ብዙ የማይርቁት ለዚህ ነው፤ በኢስታንቡል በኩል ጠቅላላው 12,100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በፍራንክፈርት በኩል ደግሞ 11,900 ገደማ ይሆናል። ዶሃና ዱባይ ግን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ያሉ ስለሆኑ፣ ተጓዡ ወደ ምዕራብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ይበርራል፤ በዶሃ በኩል ርቀቱ ወደ 13,400፣ በዱባይ በኩል ደግሞ ወደ 13,900 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

አውሮፕላኖች ሁልጊዜ በአጭሩ መስመር እንደማይበሩ ግን መታወቅ አለበት። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ አየር መንገዶች የዚያን አገር የአየር ክልል በመሸሽ ዙሪያውን ሲሄዱ ቆይተዋል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ በሚደረጉ በረራዎች ላይ ደቂቃዎችንና ነዳጅን ይጨምራል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈ የኪሎ ሜትር ቁጥር አይቶ የጉዞ ሰዓትን ማስላት አያዋጣም።

ከቤትዎ እስከ ቦሌ

ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በረራው አንድ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። በመኪና በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሞጣ በኩል ደግሞ ከ500 ትንሽ ያነሰ ነው፤ ሁለቱም ደጀን አካባቢ ተገናኝተው ዓባይ በረሃን ይወርዳሉ። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ቁልቁለትና ዳገት ከባድ ተሽከርካሪዎች በዝግታ የሚጎተቱበት፣ በክረምት ደግሞ ናዳ የሚያሰጋው ነው፤ አንድ የጭነት መኪና ጠመዝማዛው ላይ ቢቆም ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። የጸጥታ ችግር ባለበት ወቅት ደግሞ መንገዱ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊዘጋ ይችላል። ከባሕር ዳር በማለዳ በአውቶቡስ ተነሥቶ በዚያው ማታ ቦሌ ላይ ለአሜሪካ በረራ እደርሳለሁ ማለት፣ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የወጣበትን ትኬት በአንድ ጎማ ላይ ማስያዝ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ቢያንስ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ አድሮ ይብረር።

ታዲያ የትኛው የጎጃም ሰው ባሕር ዳር ሄዶ ይብረር፣ የትኛውስ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ይንዳ? ከመራዊ፣ ከዳንግላ፣ ከእንጅባራ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከሞጣ ለሚነሣ ሰው ባሕር ዳር ይቀርበዋል። ከደጀን፣ ከሉማሜና ከብቸና ለሚነሣ ሰው ወደ ሰሜን ተመልሶ አውሮፕላን መፈለግ አቅጣጫውን ማጣመም ነው። የሚያከራክረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ከአዲስ አበባ 300፣ ከባሕር ዳር ደግሞ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ መሐል ላይ ነው። የእኔ ምክር፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ወደ አዲስ አበባ ነድቶ ማደር፣ የዓባይ በረሃ መንገድ የሚያሰጋ ከሆነ ግን ወደ ባሕር ዳር መሄድ ነው።

የአገር ውስጡን በረራ በመደበኛ መርሐ ግብር የሚያበርረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ከእርሱ ዓለም አቀፍ ትኬት ያለው መንገደኛ ለአገር ውስጡ ቅናሽ የሚያገኝበት አሠራር ስላለ፣ ሁለቱን ለየብቻ ከመቁረጥዎ በፊት ወኪሉን ይጠይቁ።

ቀጥታው በረራ

«ቀጥታ» የሚባለው ሲሄዱና ሲመለሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለማቋረጥ ይበርራል፤ 13 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ግን ነዳጅ ለመቅዳት መንገድ ላይ ያርፋል፤ ባለፉት ዓመታት እንደ ደብሊንና ሎሜ ያሉ ከተሞች ለዚህ አገልግለዋል፤ ጠቅላላው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይደርሳል። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ክንፍም ሞተርም ኃይላቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ መንገደኛና ጭነት ሞልቶ እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ መነሣት ይከብደዋል። ሁለተኛው ነፋሱ ነው፤ በአትላንቲክ ላይ ያለው ከፍተኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲሄዱ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሲመለሱ ያግዛል። ደለስ ግን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስላለ ከዚያ ሲነሣ የከፍታው ችግር የለም።

ለነዳጅ ሲያርፍ ተሳፋሪው ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው አይወርድም፤ በር አይፈልግም፣ ሰሌዳ አያነብም። ለአንዲት አማርኛ ብቻ ለሚናገሩ እናት ይህ ከሁለት ሰዓት ቅናሽ ይበልጣል። ሌላው ጥቅሙ ሰዓቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ማታ ተነሥቶ ዋሽንግተን ጠዋት ይደርሳል፤ ሲመለስ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ስለሚያርፍ፣ በዚያው ቀን ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ በረራ ለመያዝ ይመቻል። ጉድለቱ ዋጋው ነው፤ በተለይ በአሜሪካ የትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅትና በገና ሰሞን በጣም ይወደዳል።

በኢስታንቡልና በፍራንክፈርት በኩል

በኢስታንቡል በኩል የመጀመሪያው በረራ ከ5 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ወደ 11 ሰዓት ይሆናል። ሲደመር 16 ሰዓት ከምናምን ስለሆነ፣ በአየር ላይ የሚያልፈው ጊዜ ከቀጥታው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ኢስታንቡል የሚጠብቁበት ጊዜ ነው፤ ሦስት ሰዓት ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሆነ ግን ርካሽነቱን እንደገና ያስቡበት። ማረፊያው እጅግ ሰፊ በመሆኑ ከበር ወደ በር መሄዱ ራሱ ረጅም የእግር መንገድ ነው።

በፍራንክፈርት በኩል የመጀመሪያው በረራ 7 ሰዓት ከምናምን፣ ሁለተኛው 9 ሰዓት ገደማ ነው። ጉዞው ወደ ሁለት ተቀራራቢ ክፍሎች ስለሚከፈል ብዙ መቀመጥ የሚያስቸግረው ሰው መሐል ላይ እግሩን ያፍታታል። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ወረቀቱ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች (ጀርመንን ጨምሮ በአንድ የጋራ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ብቻ እንኳ ለመሸጋገር የመሸጋገሪያ ቪዛ ይጠየቃል፤ ጸንቶ ያለ የአሜሪካ ቪዛ ያለው ግን ከዚህ ነጻ ነው። በሁለት የተለያዩ ትኬቶች ተጉዘው ሻንጣ ለማውጣት ከመሸጋገሪያው መውጣት ካስፈለገ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ መደበኛ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል።

ሁለቱም መንገዶች ለጎጃም ሰው አንድ የጋራ ጥቅም አላቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ የቱርክ፣ የጀርመኑ ሉፍታንዛና የአሜሪካው ዩናይትድ በስታር አሊያንስ ኅብረት ውስጥ ያሉ አባላት ስለሆኑ፣ ከባሕር ዳር ጀምሮ በአንድ ትኬት የማስያዝ ዕድሉ ሰፋ ያለ ነው።

በዶሃና በዱባይ በኩል

እስከ ባሕረ ሰላጤው ያለው በረራ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ እስከ ዋሽንግተን ግን ከ14 እስከ 15 ሰዓት ያለማቋረጥ መቀመጥ አለ። የጉልበት ወይም የደም ዝውውር ችግር ላለበት ሰው ይህ ከባድ ነው። ከመሸጋገሪያው ካልወጡ ቪዛ አይጠየቅም። ዋጋው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን የባሕር ዳሩ በረራ በሌላ ትኬት የሚያዝ መሆኑ የተለመደ ስለሆነ፣ የቀነሰው ገንዘብ በአዲስ አበባ ማደሪያና በሻንጣ ክፍያ ሊመለስ ይችላል። ደምረው ይዩት።

በአጭሩ ሲታይ

| መንገድ | ርቀት ከአዲስ አበባ (በኪ.ሜ.) | በአየር ላይ ሲሄዱ | በአየር ላይ ሲመለሱ | አውሮፕላን መቀየር (ከቦሌ ወዲያ) | ከባሕር ዳር በአንድ ትኬት |
|---|---|---|---|---|---|
| ቀጥታ | 11,500 | 16–17 ሰዓት (ከነዳጅ ማረፊያው ጋር) | 13 ሰዓት | የለም | ቀላል |
| ኢስታንቡል | 12,100 | 16–17 ሰዓት | 15 ሰዓት | አንድ ጊዜ | ይቻላል፣ ይጠይቁ |
| ፍራንክፈርት | 11,900 | 16–17 ሰዓት | 15 ሰዓት | አንድ ጊዜ | ይቻላል፣ ይጠይቁ |
| ዶሃ | 13,400 | 18–19 ሰዓት | 17 ሰዓት | አንድ ጊዜ | ብዙ ጊዜ ለየብቻ |
| ዱባይ | 13,900 | 18–19 ሰዓት | 17 ሰዓት | አንድ ጊዜ | ብዙ ጊዜ ለየብቻ |

በዚህ ላይ ባሕር ዳር ቀድሞ መገኘትን፣ የአንድ ሰዓቱን በረራ፣ ቦሌ ላይ አምስት ሰዓት ያህል መጠበቅንና ደለስ ላይ በኢሚግሬሽን ሰልፍ የሚያልፈውን ጊዜ ሲጨምሩ፣ ቀጥታው ከ25 እስከ 28 ሰዓት ይሆናል። የሌሎቹ፣ መቀየሪያው ላይ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ከተጠበቀ፣ ከ29 እስከ 34 ሰዓት ይደርሳል።

ትኬት ላይ ያለውን ሰዓትና ቀን ማንበብ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው በየከተማው የአካባቢ ሰዓት ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ 22:30 ተነሥቶ ዋሽንግተን 08:00 ይደርሳል የሚል ትኬት ሲታይ ጉዞው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመስላል። የሰዓት ልዩነቱን ይጨምሩበት፤ ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት ማብቂያ አካባቢ 7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ 8 ሰዓት ነው። ልዩነቱ 7 ሰዓት በሚሆንበት ወቅት እውነተኛው ጉዞ 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል ማለት ነው። 22:30 ደግሞ በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው።

ከዚህ የባሰው የቀኑ ጉዳይ ነው፤ በተለይ በእኩለ ሌሊት አካባቢ በሚነሡት የባሕረ ሰላጤና የኢስታንቡል በረራዎች ላይ። ትኬቱ «ጁላይ 15፣ 00:45» ቢል፣ ጁላይ 15 በእኛ ሐምሌ 8 ነው። ነገር ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ የሚነሣው ሐምሌ 7 መሽቶ በዚያው ሌሊት 6:45 ላይ ነው። ተጓዡ ቦሌ መገኘት ያለበት ሐምሌ 7 ከምሽቱ 3:45 ላይ ነው፤ ሐምሌ 8 ማታ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ይቃረባል። ከባሕር ዳር የሚነሡበት በረራም ሐምሌ 7 ቀን መሆን አለበት። ለአባትና ለእናት ትኬት የሚልክ ልጅ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ቢልክላቸው ከብዙ ጭንቀት ያሳርፋቸዋል።

ለማን የትኛው?

ብቻቸውን ለሚጓዙ አረጋውያን ቀጥታው ይሻላል፤ ልጆች ገንዘብ የሚቆጥቡበት ሌላ ቦታ ይፈልጉ። መራመድ ቢችሉም ዊልቸር ይጠየቅላቸው፤ አገልግሎቱ ክፍያ የለውም፣ ገፊው ሠራተኛም ከበር ወደ በር ከማድረሱ በላይ በኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ ያግዛቸዋል። በዐቢይ ጾም ወይም በሌላ አጽዋማት የሚበሩ ከሆነ፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ያስመዝግቡላቸው፤ አለዚያ በዚያ ሁሉ ሰዓት ዳቦና ውኃ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ከፍታው ያሳስባቸው እንደሆነ፣ በድሪምላይነር (ቦይንግ 787) እና በኤርባስ 350 አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 ሜትር ከፍታ ጋር የሚመጣጠን፣ ማለትም የባሕር ዳርን ያህል ነው፤ የሚያስቸግረው የአየሩ ድርቀትና ብዙ መቀመጡ ስለሆነ ውኃ እየጠጡ በየጊዜው ይነሡ።

ገንዘብ ለሚያጥረው ተማሪ ወይም ወጣት ሠራተኛ ኢስታንቡል ብዙ ጊዜ ሚዛናዊ ምርጫ ነው። የዶሃ ወይም የዱባይ ዋጋ በግልጽ ካነሰ እርሱም ያዋጣል፤ ሆኖም ከአንድ ቀን በፊት አዲስ አበባ ገብቶ የማደሪያውን ወጪ አስቀድሞ ይደምር።

ትንንሽ ልጆች ይዛ ለምትጓዝ እናት ቀጥታው ካልተገኘ ፍራንክፈርትን እመርጥላታለሁ፤ ሁለቱም በረራዎች መካከለኛ ርዝመት ስላላቸው ልጆቹ መሐል ላይ ይናፈሳሉ።

የመጨረሻ መድረሻው ዋሽንግተን ላልሆነ ሰው ስሌቱ ይለወጣል። ከውጭ የገባ መንገደኛ መጀመሪያ በሚያርፍበት የአሜሪካ ከተማ ሻንጣውን ራሱ አውጥቶ በጉምሩክ ማለፍና እንደገና ማስረከብ ስላለበት፣ ደለስ ደርሶ ወደ ሲያትል ወይም ወደ ዳላስ የሚቀጥል ሰው ከኢሚግሬሽኑ ሰልፍ በኋላ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ልዩነት ያለው ትኬት ይያዝ። ከኢስታንቡል፣ ከፍራንክፈርት፣ ከዶሃና ከዱባይ ወደ እነዚህ ከተሞች በቀጥታ የሚሄዱ በረራዎች ስላሉ፣ ለእርሱ ከእነዚህ አንዱ ከቀጥታው የዋሽንግተን በረራ ሊሻለው ይችላል። ወደ ኒውዋርክ፣ ወደ ቺካጎ ወይም ወደ አትላንታ የሚሄድ ግን ከአዲስ አበባ ወደዚያው የሚወስድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ በጉዞው ቀን መኖሩን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ቪዛው እንደተገኘ ቀኑን በዚያ መሠረት መቁረጥ ያስፈልጋል።